ሳጊ ተብሎ ተጭኖ ሴላዶን የተባለው ዕቃ

ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ስሙን ያገኘው ከአገር ስም ነው። ዐረቦች ከቻይና የሚመጣላቸውን ስስና ጠንካራ የሸክላ ዕቃ «ሲኒ» ይሉታል፤ «የቻይና» እንደማለት ነው። ቃሉ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ እኛ ሲመጣ አገሩ ተረሳና የዕቃው መጠሪያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ሲኒ የሚል ሰው ረከቦትና ጀበና እንጂ ቻይና ትዝ አትለውም።

ሸክላ እንዲህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስም የሚያወጣለት ጭቃውን ያቦካው ሰው ሳይሆን የገዛው፣ ያደነቀው ወይም ከመቃብር አውጥቶ የሰበሰበው ነው። ለዚህ ማስረጃ ቢፈለግ በመካከለኛው ዘመን ኮሪያ የተሠራውን፣ ገላው ላይ ነጭና ጥቁር ጌጥ ተቀርጾ የተሞላበትን አረንጓዴ ሸክላ የሚያህል የለም። ቻይናዎች፣ ጃፓኖች፣ ፈረንሳዮች በየፊናቸው ስም አውጥተውለታል። ሠሪዎቹና ጫኞቹ ምን ብለው ይመዘግቡት እንደነበር ግን በገዛ እጃቸው ከጻፉት የተነበበው በቅርብ ዓመታት ነው፤ ከባሕር ወለል በወጡ የእንጨትና የቀርከሃ ቁራጮች ላይ።

በሙዚየሞች ዘንድ የተለመደው መጠሪያ «ሴላዶን» ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ መጀመሪያ ከሸክላ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። ኦኖሬ ዱርፌ የተባለ ደራሲ «ላስትሬ» የሚል እጅግ ረጅም የእረኞች የፍቅር ልቦለድ ከ1607 ጀምሮ በየክፍሉ ማሳተም ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የልቦለዱ አፍቃሪ እረኛ ሴላዶን ይባላል፤ ስሙ ከሮማዊው ባለቅኔ ከኦቪድ የተወሰደ ነው። እረኛው ፈዛዛ አረንጓዴ ጥብጣብ ያስር ነበርና መጽሐፉ በፈረንሳይ መኳንንት ዘንድ ሲወደድ ስሙ ወደ ቀለሙ ዞረ። ከቀለሙ ደግሞ ያንኑ ቀለም ወደያዘው የእስያ ሸክላ ተሻገረ። ሌላም አባባል አለ፦ ቃሉ የሳላሕ አድ-ዲን ስም ተዛብቶ የተገኘ ነው፣ ሱልጣኑ በ1171 ለኑር አድ-ዲን 40 ያህል የዚህ ዓይነት ዕቃ ልኮለት ነበርና የሚል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ከሱልጣኑ ስጦታ እስከ ልቦለዱ ከ400 ዓመት በላይ አለ፤ ይህን የሚያገናኝ ጽሑፍ ያቀረበ ሰው የለም። የእረኛው መንገድ ግን ከስም ወደ ቀለም፣ ከቀለም ወደ ዕቃ ደረጃ በደረጃ ይታያል። ፋርሶችና ቱርኮች በበኩላቸው ይህን መሰሉን ሸክላ «መርተባኒ» ብለውታል፤ ይጫንበት ከነበረው ከበርማው የማርታባን ወደብ ነው። እነሱም እንደ ሲኒው በቦታ ጠሩት።

ወደ ባለቤቶቹ እንምጣ። ሸክላው የተሠራው ጎርዮ በተባለው ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው፤ ከ918 እስከ 1392። ዋና ከተማው ዛሬ በሰሜን ኮሪያ የምትገኘው ኬሶንግ ነበረች። «ጎርዮ» የሚለውን ስም ቻይናዎች በራሳቸው አነጋገር «ጋኦሊ» አሉት፤ ማርኮ ፖሎ ይህን ሰምቶ «ካውሊ» ብሎ ጻፈ፤ ኋላም በአውሮፓ ቋንቋዎች «ኮሪያ» ሆነ። ሥርወ መንግሥቱ ከወደቀ ከ600 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኮሪያውያን ራሳቸው አገራቸውን የሚጠሩበት ስም ሌላ ነው፤ የውጭው ዓለም ግን የሸክላ ሠሪዎቹን ዘመን ስም ይዞ ቀርቷል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ሲዘምቱ፣ አዲስ አበባም ውስጥ ኮሪያ ሰፈር ሲባል፣ የሚጠራው ያ ስም ነው።

ኮሪያውያን ሸክላውን «ቾንግጃ» ይሉታል። «ጃ» ድንጋይ እስኪመስል የተተኮሰ ጥሩ ሸክላ ነው። አስቸጋሪው «ቾንግ» ነው። ይህ ከቻይና የመጣ ቃል የሣሩንም የሰማዩንም ቀለም አንድ ላይ ይይዛል። አገርኛው የኮሪያ ቃል «ፑሩዳ»ም እንዲሁ ነው፤ ሰማዩም ተራራውም ፑሩዳ ይባላሉ። አማርኛ ሰማያዊን ከሰማይ ቀድቶ ለብቻው ስላስቀመጠ፣ ቾንግጃን «አረንጓዴ ሸክላ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የቀለሙን ግማሽ ይጥላል። በእርግጥም ዕቃውን በቀን ብርሃን ያየ ሰው አረንጓዴ ነው ወይስ ሰማያዊ ብሎ ይቸገራል። ቅቡ በውስጡ ደቃቅ የአየር አረፋዎች አሉት፤ ብርሃኑ እነሱ ላይ ይበተንና ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ከ1168 እስከ 1241 የኖረው የጎርዮ ባለቅኔ ዪ ግዩቦ ስለ አንድ ጽዋ በገጠመው ግጥም «ኖክጃ» የሚል ቃል መርጧል፤ «ኖክ» ጥርት ያለው አረንጓዴ ነው። በዚያው ግጥም ለምድጃው ማገዶ ተራራው እንደተራቆተ፣ ከሚወጡት ዐሥር ዕቃዎችም አንዱ ብቻ እንደሚመረጥ ይናገራል። በቤተ መንግሥት ሹመት ላይ የነበረ ሰው ከጽዋው ጀርባ ያለውን ጭስ ማየቱ ያስደስተኛል።

አሁን ወደምወደው ቃል ደረስኩ፤ «ቢሴክ»። በ1123 ከቻይናው የሶንግ ንጉሠ ነገሥት የተላከ መልእክተኛ ጓድ ጎርዮ ገባ፤ ከነሱ ጋር ሹ ጂንግ የተባለ ሹም ነበረ። ያየውን ሁሉ ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮበት፣ በ40 ክፍል አዘጋጅቶ በማግስቱ ዓመት ለንጉሡ አቀረበ። ሥዕሎቹ ጠፍተዋል፤ ጽሑፉ ተርፏል። ስለ ሸክላው ሲናገር፣ የጎርዮ ሰዎች የዕቃቸውን ቀለም «ቢሴክ» እንደሚሉትና አሠራሩም በቅርብ ዓመታት እጅግ እንደተራቀቀ ይመሰክራል። ከሁሉ አብልጦ ያደነቀው በሎተስ አበባ ላይ የተቀመጠ የአንበሳ ቅርጽ ያለው የዕጣን ማጨሻ ነው።

«ሴክ» ቀለም ነው። «ቢ» ደግሞ ወንዝ ዳር ቅርንጫፍ ላይ ሆና ውሃውን እያየች ድንገት ተወርውራ ዓሣ የምትይዘው፣ ጀርባዋ ሰማያዊ ከአረንጓዴ የሚያንጸባርቀው ወፍ ስም ነው። የወፏ ስም በቻይንኛ ወደ አረንጓዴው የከበረ ድንጋይም ተላልፏል፤ ስለዚህ ቢሴክ ሲባል ላባውም ድንጋዩም አብረው ይሰማሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ የቀለም ስም ብለን እናልፈው ነበር። ግን በኮሪያ አነባበብ «ቢ» ተብሎ የሚጠራ ሌላ የቻይና ፊደል አለ፤ ትርጉሙ «ምስጢር» ነው። ቻይናዎች ከጎርዮ አስቀድመው በዩዌ አካባቢ የሚሠራውን ምርጥ አረንጓዴ ሸክላ በዚያ ፊደል «ምስጢራዊ ቀለም» ሲሉት ነበር። የሶንግ ዘመን ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የዩዌን አገር የያዙት ነገሥታት ዕቃውን ለራሳቸው ብቻ ስላደረጉትና ተራ ሰው እንዳይጠቀምበት ስለከለከሉ ነው አሉ። ማብራሪያው ለጆሮ ይጥማል፤ ዓመቱ ግን አይገጥምለትም። እነዚያ ነገሥታት የገዙት ከ907 እስከ 978 ነው። በ881 ገደማ የሞተው የታንግ ዘመን ባለቅኔ ሉ ግዊመንግ ግን ቃሉን ተጠቅሞበታል። በ1987 ደግሞ የፋመን ቤተ መቅደስ ምድር ቤት ሲከፈት፣ በ874 ከመዘጋቱ በፊት በድንጋይ ላይ የተቀረጸ የንብረት ዝርዝር ተገኘ፤ «ምስጢራዊ ቀለም» የሚለው መጠሪያ በውስጡ አለ፤ ዕቃዎቹም እዚያው አብረው ተገኙ። ክልከላው ለቃሉ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ቃሉ ይቀድመዋል። ሥርወ ቃል ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል፤ ምክንያቱ የተረሳ ስም ሲገኝ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ታሪክ ይሰፋለታል።

ታዲያ የጎርዮ ሰዎች ድምፁን ይዘው ፊደሉን ቀየሩት? እኔ እንዲያ ነው የማምነው። ሹ ጂንግ ሁለቱንም ቃላት ያውቅ ነበር፤ የቀሩት የጎርዮ ዕቃዎች ከጥንቱ የዩዌ «ምስጢራዊ ቀለም» እና ከሩጁ አዲስ ምድጃ ሥራ ጋር ይቀራረባሉ ብሎ ሲጽፍ በምስጢሩ ፊደል ተጠቅሟል፤ ሰዎቹ የራሳቸውን ዕቃ የሚጠሩበትን ሲጠቅስ ግን በወፏ ፊደል። ልዩነቱን ሆን ብሎ ነው የጠበቀው። በሌላ በኩል፣ በሰማይ በታች አንደኛ የሚባሉ ነገሮችን የዘረዘረ አንድ የሶንግ ዘመን ጽሑፍ የጎርዮን ሸክላ ያነሣና በምስጢሩ ፊደል ይጽፈዋል። ቻይናዊው አድናቂ ዕቃውን ወደራሱ አሮጌ ቃል ጎተተው። ሠሪዎቹ ግን ምስጢር የሚለውን ትተው በዓይን የሚታይ ነገር፣ የወፍ ጀርባ፣ መረጡ። ከዚህ ሁሉ ስም ውስጥ ለቀለሙ የታመነው እሱ ይመስለኛል።

ሹ ጂንግ ስለ ቀለሙ ያን ያህል ሲያወራ ተቀርጾ ስለተሞላው ጌጥ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እሱ ሲመጣ በዙፋን ላይ የነበረው ንጉሥ ኢንጆንግ በ1146 ሞተ፤ ከመቃብሩ የወጡት ዕቃዎች ንጹሕ ቢሴክ ናቸው፣ ሙሌት ጌጥ የለባቸውም። በ1159 ከሞተው ሹም ከሙን ጎንግዩ መቃብር ግን ጌጡ በብስለት የተሠራበት ጎድጓዳ ሳህን ወጥቷል። ውስጡ የሐረግ ጌጥ አለው፤ ነጩ የተሞላው በሐረጉ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ባዶ ቦታ ነው፤ ሐረጉ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። በጀማሪ እጅ የሚሠራ አይደለም።

ይህ ጥበብ «ሳንግጋም» ይባላል። «ጋም» ማስገባት፣ ማስቀመጥ ነው። የ«ሳንግ» ፊደል በጥንት አጻጻፉ የዝሆን ሥዕል ነበር፤ ከጊዜ በኋላ «መልክ፣ ምስል» የሚል ትርጉም ተጨመረለት። ምስል ማስገባት እንግዲህ። ጃፓኖች በእነዚሁ ፊደላት «ዞጋን» ይላሉ። ኮሪያውያን ለብረታ ብረት ሥራ የቆየ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ «ኢፕሳ»፣ ክር ማስገባት። ነሐሱን በቀጭኑ ቦርቡረው የብር ክር ይቀብሩበታል። ላከር በተቀባ ሣጥን ላይ የዛጎል ቁራጭ የሚያስገቡበት «ናጆን» ደግሞ ሦስተኛው ነው። ሸክላ ሠሪው ሁለቱንም በዓይኑ እያየ የኖረ ሰው ነው። የአኻያ ዛፍና የውሃ ወፎች በብር ክር የተሣሉበት የነሐስ የጠበል ጋን በዚያው ዘመን አለ፤ ያንኑ ቅርጽ በሸክላ፣ የብር ክሩን በነጭ ጭቃ ተክተው ሠርተውታል። ዕቃው «ጆንግብዮንግ»፣ የንጽሕና ጠርሙስ፣ ይባላል፤ ከቡድሃ እምነት ጋር ከሕንድ የመጣ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ዕቃው ከመሽከርከሪያው ወርዶ እንደ ጫማ ቆዳ እስኪጠነክር ይጠበቃል። ከዚያ በሹል መሣሪያ ሥዕሉ ይቦረቦራል። በቦረቦሩት ላይ ነጭ ጭቃ፣ «ቤክቶ»፣ በብሩሽ ይሞሉና ሲደርቅ ትርፉን በስለት ይጠርጉታል። ለጥቁሩ «ጃቶ» የሚባል ብረት የበዛበት ቀይ አፈር አለ፤ ሲሞላ ቀይ ነው፣ ከእሳት ሲወጣ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው የሚሞላው ወደፊት የሚሆነውን ቀለም በአእምሮው ይዞ ነው። አንዴ በለዘብተኛ እሳት ከተተኮሰ በኋላ ጥቂት ብረት ያለበት ቅብ ይቀባል፤ ከዚያ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይተኮሳል። ወሳኙ ሰዓት የምድጃው አፍ የሚታፈንበት ነው። እሳቱ አየር ሲያጥረው ኦክስጅኑን ከቅቡ ውስጥ ካለው ብረት ይቀማል፤ ብረቱም ከቡናማነት ወደ አረንጓዴ-ሰማያዊ ይለወጣል። አየር በትንሹ ሾልኮ ቢገባ ዕቃው ቢጫማ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ጭቃ፣ ቀዩ አፈርና የዕቃው ገላ በእሳት ውስጥ የሚኮማተሩት በየራሳቸው መጠን ነው፤ አለመመጣጠናቸው ከበዛ ጌጡ ተሰንጥቆ ይረግፋል። ጥሩውን ዕቃ ገልብጦ ላየው ሰው እግሩ ሥር ሦስት ትንንሽ ነጭ ነጥቦች አሉት፤ ዕቃው ወለሉን እንዳይነካ የተቀመጠባቸው የነጭ ድንጋይ ቁራጮች ጠባሳ ነው።

ምርጡ ሥራ የሚወጣው በደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ከጋንግጂንና ከቡአን ነበር፤ የሚፈልገው ሹም ደግሞ ሰሜን በዋና ከተማው። መርከብ ጠረፉን ይዞ ይወጣል፤ ቴአን በተባለው ልሳነ ምድር አጠገብ ግን ውሃው ክፉ ነው። የባሕር ሰርጡ ጥንት «ናንሄንግኛንግ» ይባል ነበር፤ ለማለፍ የሚያስቸግር ሰርጥ ማለት ነው። ስሙ አስፈሪ ስለሆነባቸው «አንሁንግኛንግ» ብለው ቀየሩት፤ የሰላምና የደኅንነት ሰርጥ። መርከብ መስጠሙን ግን አልተወም።

በ2007 በዚያ አካባቢ ትንንሽ ኦክቶፐስ የሚያጠምድ ሰው ማጥመጃውን ሲስብ አንዱ ኦክቶፐስ የሸክላ ሳህን ይዞ ወጣ። ጠላቂዎች ወርደው ሲያዩ ከ20,000 በላይ የቾንግጃ ዕቃ እንደተደረደረ ተቀብሮ አገኙ። ከዕቃዎቹ ጋር የእንጨት ቁራጮች ነበሩ፤ የጭነት አድራሻ። አንዱ ከታምጂን አውራጃ፣ በዋና ከተማው ለሚገኘው ለዝቅተኛው የጦር አለቃ ለኢንሱ ቤት የተላከ መሆኑን ይናገርና ዕቃውን «ሳጊ 80» ብሎ ይመዘግባል። ቢሴክ አላለም፤ ቾንግጃም አላለም። «ሳ» አሸዋ ነው፣ «ጊ» ዕቃ ነው። ዛሬም የኮሪያ እናት በጓዳዋ ያለውን ተራ ሳህን የምትጠራበት ቃል ይኸው ሳጊ ነው። ቃሉ እንደ እኛው «ሸክላ» ከጭቃው የራቀ አይደለም። ንጉሥ ኡይጆንግ በ1157 ያሠራው የመናፈሻ ቤት ጣሪያው በቾንግጃ እንደተከደነ የጎርዮ ታሪክ መዝግቦታል፤ እዚህ ደግሞ ያው ሸክላ በጭነት ጸሐፊው እጅ ሳጊ ተብሎ ተቆጥሯል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ታምጂን የሚባል አውራጃ ዛሬ በካርታ ላይ አይገኝም። በ1417 አውራጃው ዶጋንግ ከተባለው ጎረቤቱ ጋር ሲዋሐድ ከአንዱ «ጋንግ»ን፣ ከሌላው «ጂን»ን ወስደው ጋንግጂን አሉት። የእንጨቱ ቁራጭ ያንን የድሮ ስም ይዞ ስለሰጠመ ሸክላው ከየት እንደተጫነ ክርክር አልተነሣም።

በዚያን ጊዜ ጥበቡም ተለውጦ ነበር። ሞንጎሎች ከ1231 ጀምሮ አገሩን ደጋግመው ወረሩት፤ በ14ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የጃፓን የባሕር ወንበዴዎች ጠረፉን አላስቀምጥ አሉት። ሠሪዎቹ ምድጃቸውን ትተው ወደ መሀል አገር ተበተኑ። ቅቡ ወደ ግራጫ አደላ፤ ጌጡ በእጅ መቦርቦሩ ቀርቶ በማኅተም መመታት ጀመረ። ከዚያ የተወለደውን ሸክላ ጃፓኖች «ሚሺማ» አሉት፤ ተደጋግሞ የተመታው ጌጥ የሚሺማ ቤተ መቅደስ የሚያወጣውን ጽሑፉ የተጨናነቀ የቀን መቁጠሪያ ስለመሰላቸው ነው። የሚያሳዝነው ዛሬ በምዕራቡ ዓለም ያሉ ሸክላ ሠሪዎች በጭቃ ላይ ጭቃ ቀርጾ መሙላትን ራሱን «ሚሺማ» ይሉታል። የኮሪያ ጥበብ በጃፓን ቤተ መቅደስ ስም ይጠራል።

ይህን ለማቃናት የተነሣ ሰው ነበር። ጎ ዩሶፕ በ1905 ተወልዶ በ1944 በ39 ዓመቱ ዐረፈ፤ አገሩ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች የኬሶንግ ሙዚየምን የመራ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ነው። ለዚህ ኋለኛ ሸክላ «ቡንጃንግ ሄቾንግ ሳጊ» የሚል ስም አወጣለት፤ ነጭ ዱቄት የተቀባ ግራጫ-አረንጓዴ ሳጊ። አጥሮ «ቡንቾንግ» ሆነ፤ በአገሩም ጸና። የስሙ መጨረሻ ላይ ያ የጓዳ ቃል መኖሩን ልብ ይሏል። የእንጨቱ ጽሑፍ ገና ባሕር ውስጥ ነበር፤ ጎ ዩሶፕ ግን ከሕዝቡ አፍ ሳጊን አንሥቶ በሳይንሱ መዝገብ አስገባው።

ዛሬ በኮሪያ ሙዚየም መስታወት ላይ የሚነበበው ስም ረጅም ነው። በሴኡል ካንሶንግ ሙዚየም ያለውን ዝነኛ ዕቃ እንውሰድ፤ ወደ 42 ሴንቲሜትር ቁመት አለው። ጆን ህዮንግፒል የተባለ ባለጠጋ የአገሩ ቅርስ እንዳይወጣ ብሎ በ1935 በ20,000 ዎን ከጃፓናዊ ነጋዴ የገዛው ነው። ስሙ «ቾንግጃ ሳንግጋም ኡንሃንግሙን ሜብዮንግ» ይባላል። ቾንግጃና ሳንግጋምን አይተናል፤ «ኡን» ደመና ነው፣ «ሃክ» ረጅም አንገት ያላት ክሬን፣ «ሙን» ጌጥ፤ ሃክ እና ሙን ሲገናኙ «ሃንግሙን» ተብለው ይነገራሉ። ክሬኖቹ 69 ናቸው፤ ክብ ውስጥ ያሉት ወደ ላይ፣ ከክቡ ውጭ ያሉት ወደ ታች ይበራሉ፤ ሕዝቡም «የሺህ ክሬኖች ሜብዮንግ» ይለዋል።

የመጨረሻው ቃል «ሜብዮንግ» የፕለም ጠርሙስ ማለት ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን፣ አንገቱ አጭር ነው፤ አንድ የፕለም አበባ ቅርንጫፍ ብቻ የሚያስገባ አፍ ስላለው ነው ይባል ነበር። በ2010 ግን ከዚያው ከቴአን ጠረፍ፣ በማዶ ደሴት አጠገብ ከሰጠመ ሁለተኛ መርከብ፣ አንገታቸው ላይ የቀርከሃ ጽሑፍ የታሰረላቸው ሁለት ሜብዮንጎች ወጡ። የተላኩት ኦ ሙንቡ ለተባለ የጦር ሹም ቤት ነው። የአንዱ ጽሑፍ ጥሩ ማር ተሞልቶ እንደታሸገ፣ የሌላው የሰሊጥ ዘይት ተሞልቶ እንደታሸገ ይናገራል፤ ዕቃውንም «ጁን» ይለዋል፤ ጋን፣ ማሰሮ እንደማለት። አበባ የለም፣ ፕለምም የለም። ትከሻው የሰፋው ማር እንዲይዝ፣ አፉ የጠበበው በደንብ እንዲታሸግ ነው። ማር የተሞላበት ደግሞ በሳንግጋም ያጌጠው ነው፤ ክሪሳንተመም፣ ፒዮኒ፣ አኻያና ቀርከሃ ተቀርጾበታል።

መንግሥት ሁለቱን በብሔራዊ ቅርስነት ሲመዘግብ የተለመደውን ስም አልተወም፤ ግን ከጠርሙሱ ስም ቀጥሎ «እና የቀርከሃ ጽሑፉ» የሚል ጨመረበት። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሊቃውንቱ ያወጡት ሜብዮንግና ጫኙ በብዕሩ የጻፈው ጁን አንድ ላይ ተቀምጠዋል። የሌሎቹም ሜብዮንጎች መግለጫ ካርድ ጁን የሚለውን ቃል ሊይዝ ይገባል እላለሁ፤ የሺህ ክሬኖቹም ጭምር።